ለአኒሜ የተላኩ ሽማግሌዎች

እኔ ከሰዓዳ ጋር አልተጣላሁም። ይህን አስቀድሜ መናገር አለብኝ፤ ምክንያቱም ሰሞኑን ደብረ ታቦር ውስጥ ይህን የሚያምን ሰው ፈልጌ አጥቻለሁ። እናቴ አታምንም። የሰዓዳ እናት አታምንም። የሰፈራችን ዳቦ ሻጭ እንኳ ዳቦውን የምትሰጠኝ «ይቅር ባይ ሁኚ እንጂ ልጄ» ብላ ነው። ሰው ዳቦ ሊገዛ ሄዶ ተግሣጽ ተጠቅልሎለት ይመለሳል? እኔ ተመልሻለሁ። ይህ ሁሉ የመጣው ደግሞ በአኒሜ ነው።

አኒሜ የማታውቁ ካላችሁ፣ ጃፓኖች የሚሠሩት የሥዕል ፊልም ነው። «እህ፣ ካርቱን ነዋ» ያላችሁ ደግሞ እዚሁ ላይ ማንበብ ብታቆሙ አልቀየምም። ካርቱን ማለት ሕፃን ገንፎውን እንዲውጥ የሚከፈትለት ነገር ነው። አኒሜ ውስጥ ሰው አባቱ ይሞትበታል፤ ያድጋል፤ ይከዳል፤ የቆሰለው ሳይሽር ሌላ ይቆስላል። ትምህርት ቤታችን ውስጥ አኒሜ የምናይ ጥቂት ነን። መናኸሪያው አጠገብ ካለው ፊልም ቤት በፍላሽ እናስጭናለን፤ ከዚያ ከስልክ ወደ ስልክ ይዞራል፤ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በጋፋት መንገድ ካሉት ባሕር ዛፎች ሥር ተሰብስበን እንገመግመዋለን። እንገመግመዋለን ስል፣ እንጯጯሃለን ማለቴ ነው። ግን በሥርዓት ነው የምንጯጯኸው። ሰብሳቢያችን ናትናኤል እጁን ሳያወጣ የተናገረውን ሰው በባሕር ዛፍ ፍሬ ይመታል፤ አይስትም።

የዘንድሮው ጣጣ የመጣው «የቀጥቃጩ ልጅ» ከሚባለው አኒሜ ነው። ታሪኩን ባጭሩ ልንገራችሁ። ሽጌታ የሚባል ልጅ አለ። አባቱ አገር ያደነቀው ሰይፍ ቀጥቃጭ ነው። ኦሳቶ የሚባለው ደቀ መዝሙር በአባትየው ቤት በልቶ፣ ጠጥቶ፣ ሙያ ተምሮ ሲያበቃ ለአንድ ሰይፍ ሲል ጌታውን ገድሎ ይጠፋል። ሽጌታ አድጎ የአባቱን ደም ሊመልስ ይነሣል። ተራራ ይወጣል፤ ባሕር ይሻገራል፤ አንድ ዓይኑን ያጣል። እኔም ክረምቱን ሙሉ ብርድ ልብስ ተከናንቤ፣ ስልኬ እስኪግል አብሬው ስንከራተት ከረምሁ። ጭራሽ አንድ ቀን እናቴ ሽንኩርት ላጪ ብላኝ ዓይኔ ሲያለቅስ «ለእሱ ነው ወይስ ለሽንኩርቱ?» ብላለች።

እሺ። መጨረሻው ክፍል ላይ ሁለቱ በረዶ በሚወርድበት ድልድይ ላይ ይገናኛሉ። እኔ ተነሥቼ ቆሜያለሁ። ኦሳቶ ይንበረከክና ስለ ልጅነቱ ማውራት ይጀምራል፤ ያለቅሳል፤ ከጀርባ ዋሽንት የመሰለ ነገር ይነፋል። ሽጌታ ሰይፉን ወንዝ ውስጥ ይወረውርና «ይቅር ብዬሃለሁ» ይላል። ከዚያ ሁለቱ ድልድዩ ላይ ቁጭ ብለው ሩዝ ይበላሉ። አለቀ።

ሩዝ ይበላሉ!

እንቅልፍ የሚወስደው ሰው ካለ ይውሰደው፤ እኔን አልወሰደኝም። ደግነቱ ዘንድሮ መጻፍ እንደምችል ደርሼበታለሁ። የአማርኛ መምህራችን «አንቺ ስትናደጂ ዐረፍተ ነገርሽ ቀጥ ይላል» ካሉኝ ወዲህ፣ ስናደድ እንደ ሌላ ሰው አላለቅስም፤ እስክሪብቶ እፈልጋለሁ። በአንድ መቀመጫ ጻፍሁት። ርእሱን «ይቅርታ በሩዝ» አልሁት። ራሴ ጽፌ ራሴ ሳነበው ደስ ከማለቱ የተነሣ ሁለት ጊዜ ተነሥቼ በመስኮት አየሁ፤ የሚያየኝ ሰው ስለሌለ ተመልሼ ተቀመጥሁ። ቅዳሜ ባሕር ዛፉ ሥር ቆሜ ላነበው ነው። ናትናኤልም ተራ ያዘልኝ። በሕይወቴ የራሴን ጽሑፍ ለሰው ሳነብ የመጀመሪያዬ መሆኑን አስቡልኝ።

አሁን ሰዓዳ ትምጣ። ሰዓዳ ጎረቤቴ ናት፤ ገበያው ዳር ጨርቃ ጨርቅ የሚሸጡት የሐጂ እንድሪስ የልጅ ልጅ። ከሕፃንነታችን ጀምሮ ትምህርት ቤት የምንሄደው በአንድ ጃንጥላ ነው፤ በአንድ ጃንጥላ ስል ሁለታችንም ግማሽ ግማሽ እየበሰበስን ማለት ነው። ሰዓዳ መጨረሻውን ወደደችው። መውደድ ብቻ አይደለም፤ አለቀሰችለት። የእኔ ጽሑፍ ውስጥ ደግሞ «ይህን ፍጻሜ የወደደ ሰው ዓይኑ አይቶ ይሆናል እንጂ ጭንቅላቱ ተኝቶ ነበር» የሚል አንድ ዐረፍተ ነገር አለ። ውብ ዐረፍተ ነገር ነው። በስልክ ግሩፓችን ላይ ቀንጭቤ ለጠፍሁት። ሰዓዳ መለሰች። መለስሁላት። የሚያለቅስ ፊትና የቢላዋ ምስል ላከችልኝ። በማግሥቱ ከትምህርት ቤት ስንወጣ እሷ በመንገዱ ግራ፣ እኔ በመንገዱ ቀኝ ሄድን።

ስሕተታችን ይህ ነው። እኛ የተለያየነው ለማሰብ ነበር። እኔ ለእሷ የምመልሰውን እያዘጋጀሁ ነበር፤ እሷም እንዲሁ። ሰው አጠገቡ ሆኖ እንዴት መልስ ያዘጋጃል? ግን በእኛ ከተማ በአንድ ጃንጥላ ይሄዱ የነበሩ ሁለት ልጆች መንገድ ከተካፈሉ፣ ያ ነገር ከፍርድ ቤት ማኅተም በላይ ነው። ቤት ሳልደርስ ወሬው ደርሷል።

እናቴ በር ላይ ጠበቀችኝ። «ሰዓዳ ምን አደረገችሽ?»

«ምንም። ኦሳቶን ይቅር ማለት ተገቢ ነው ስላለች ነው።»

«ኦሳቶ ደግሞ ማነው?»

«አባቱን የገደለው።»

«የማንን አባት?»

«የሽጌታን።»

እናቴ ነጠላዋን ሳበች። ፊልም መሆኑን ነገርኋት፤ ምዬም ነገርኋት። ሰማችኝ። ገብቷታል። እኔን እስካሁን የሚያንገበግበኝ ይህ ነው፤ ሳይገባት ቀርቶ ቢሆን ይቅር እላት ነበር። «ፊልምም ይሁን» አለች፣ «ደም የገባበት ነገር በሽማግሌ ነው የሚያልቀው» ብላ ወጣች።

በእኛ ሰፈር ሽማግሌ ማለት ሁለት ሰዎች ናቸው። አንዱ የኔታ ላቀው ናቸው፤ መሪጌታ ናቸው፣ ቅኔ ያስተምራሉ። ሌላው የሰዓዳ አያት ሐጂ እንድሪስ። ሁለቱ በሐጂ ሱቅ ደጃፍ ባለች አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ከማናችንም መወለድ በፊት ጀምሮ ተቀምጠዋል። ወሰን የተገፋ፣ ባል የኮበለለባት፣ በሬው የጎረቤት ማሳ የገባበት፣ ሁሉም እዚያች ወንበር ፊት ቆሞ ታርቋል። የሁለቱን አለመስማማት ያየ ሰው የለም። እኔና ሰዓዳም ተጠርተን ቆምን።

የኔታ ነገሩን ለሽማግሌ መስጠታችንን እንድንናገር ጠየቁን። ሰዓዳ ሰጠች። እኔ መታረቅ እንደማልፈልግ፣ መልስ እንደምፈልግ ተናገርሁ። ሰዓዳ ስለ ድልድዩ ተከራክራ እንድታሸንፈኝ ወይም እንድትሸነፍ እንጂ ጉንጬን እንድትስመኝ አልጠየቅሁም አልሁ። የኔታ በትዕግሥት ሰሙኝና «መልሱ ይደርስልሻል፤ መጀመሪያ ታረቂ» አሉኝ። ከዚያ ከሐጂ ጋር አንገት ለአንገት ተነጋግረው ፈረዱ፦ እኔና ሰዓዳ እንድንሳሳም፣ ያ ጽሑፍም ቅዳሜ እንዳይነበብ።

አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሏል ይሄ ነው። ጃፓኖቹ ፊልም ያበላሻሉ፤ እኔ ጽሑፍ እከለከላለሁ። ጆሮዬ ጋለ። መምህራችን ያሉት እውነት ነው፤ ስናደድ ቀጥ እላለሁ።

«የኔታ» አልሁ፣ «እርስዎ የተማሪ ቅኔ ሲነቅፉ ሽማግሌ ይላክብዎታል?»

ሰዓዳ እግሬን ረገጠችኝ። ይህች ጥያቄ የት እንደምታርፍ አውቄ ነው የወረወርኋት፤ ምክንያቱም የኔታ የተማሪን ቅኔ ሲያፈርሱ የሠራው ልጅ ብቻ ሳይሆን አጥሩ ላይ የተቀመጠው ቁራ ይሸማቀቃል ይባላል። ሐጂ ሣቃቸውን በመሐረብ ያዙት።

የኔታም «ልጅቱ ልክ ናት» አሉ። «ያላየነውን ፈርደናል። አምጪው።»

እንግዲህ እነዚህን ሁለት ሰዎች በዓይነ ኅሊናችሁ ሣሏቸው። ስልኬ በአቡጀዲ ጥቅል ላይ ተደግፎ ቆሟል። ሐጂ መነጽራቸውን አድርገዋል። የኔታ መቋሚያቸውን በጉልበታቸው መሐል ይዘው፣ ሊፈርዱ እንጂ ሊያዩ እንዳልመጡ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል። ከሥር የሚመጣው ጽሑፍ እንግሊዝኛ ስለሆነ እኔ መተርጎም ጀመርሁ። ሰዓዳ ወዲያው «አልጨመረችም ወይ፣ አባባ? "ወራዳ" አላለም!» ብላ ከሰሰችኝ። እሷ ስትተረጉም ደግሞ ኦሳቶ ከሚናገረው በላይ ይጸጸት ጀመር። ሐጂ ስልኩን አስቆሙትና አስተርጓሚዎቹን አቀያየሩን፦ ኦሳቶን የምጠላው እኔ የኦሳቶን ቃል እንድናገር፣ የምትወደው ሰዓዳ የሽጌታን። ይህንን ሰው የአገር ዳኛ ያላደረጉበት ምክንያት አይገባኝም።

ይህ ግን ግፍ ነው። የማትወዱትን ሰው በገዛ አፋችሁ ስታናግሩት ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ? ድልድዩ ላይ ተንበርክኮ «ጌታዬ እንጀራ ሲቆርስ መጀመሪያ ለእኔ ነበር የሚያቀምሰኝ» የሚለው ቦታ ስደርስ፣ ሩዝ ያለውን እኔ ነኝ እንጀራ ያደረግሁት፣ ድምፄ ተሰበረ። ሰዓዳ በጎን ዓይኗ አየችኝ። እስካሁን አልረሳችልኝም።

በረዶው ድልድዩ ላይ የቀረውን የሰይፉን ሰገባ ሲሸፍነው የኔታ «እህ» አሉ። ቅኔ ሲጥማቸው የሚሉት «እህ» ነው አሉ፤ በዓመት አንዴም ላይሰማ ይችላል። ሐጂ ግን ከመጀመሪያው ጀምሮ አንገታቸውን እያሰገጉ ሰው ሲፈልጉ ነበር።

«ሽማግሌዎቹ የታሉ?» አሉ።

የሉም አልኋቸው።

«ዋስስ? መሐላስ? ገዳይ አንገቱ ላይ ድንጋይ ሳይሸከም ነው እንዴ ሩዝ የሚቀርብለት?»

ልቤ በደስታ ዘለለ። ይህ እኮ የእኔ ጽሑፍ ነው! ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ብዬ የጻፍሁት ይህንኑ ነው። ሰዓዳን በድል አድራጊነት አየኋት። ያን ጊዜ ሐጂ ወደ እኔ ዘወር ብለው «ይሄ ልጅ እናት የለውም?» አሉ።

አለችው። መጀመሪያ ላይ በር ላይ ቆማ ስንቅ አስይዛ ሸኝታዋለች። ከዚያ ወዲያ አልታየችም። ሞታ እንደሆነ ጠየቁኝ፤ አልተባለም አልሁ።

«እንግዲያው የባሏን ደም ማን ማረው?»

ክረምቱን ሙሉ አይቼ፣ ያን ሁሉ ጽፌ፣ እናቲቱ ትዝ አላለችኝም። ጃፓኖቹ ረሷት፤ እኔም አብሬ ረሳኋት። ተቺ ነኝ እያልሁ! ንዴቴ መሄጃ አጥቶ ተመልሶ እኔው ላይ ተቀመጠ።

ያን ጊዜ ሰዓዳ፣ ያቺ ቢላዋና የሚያለቅስ ፊት ብቻ ስትልክልኝ የነበረችው ልጅ፣ ጉሮሮዋን ጠረገች። «አባባ፣ ሽጌታ ይቅር ያለው ኦሳቶ ስለተጸጸተ አይደለም» አለች። «መጥላት ስለደከመው ነው። የቀረችው አንድ ዓይን ናት። በእሷም ኦሳቶን ብቻ እያየ ሊያረጅ ነው?»

እኔ የተጣላሁት ይህን ለማግኘት ነበር! አልተጣላሁም እንጂ። ይህን ግሩፑ ላይ ብትጽፈው ኖሮ ሽማግሌም፣ አቡጀዲም፣ እንባም አያስፈልግም ነበር። የኔታ መቋሚያቸውን መሬት ላይ መቱና ሰዓዳ ምሥጢሩን እንዳገኘችው፣ ይቅርታ ከልብ ከመጣ ሥርዓት እንደማያስፈልገው፣ በረዶውም ይህንኑ እንደሚናገር አስረዱ። ሐጂ ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ።

«የደከመው ይረፍ፤ ግን የእናቱን ሐዘን ተሸክሞ አይረፍ።»

«ሐጂ፣ በረዶውን አላዩትም።»

«አይቻለሁ። አንቱ ግን መቼም ነገሩ ካማረልዎ ፍርዱ ይጠፋዎታል።»

ሱቁ ውስጥ ጨርቅ ሲለካ የነበረው ክንድ ቆመ። የኔታ ቀስ ብለው ተነሡ፤ ጃንጥላቸውን ከወንበሩ ጀርባ አነሡ፤ ደኅና ይዋሉ አሉ፤ ሄዱ። በቃ። የእኔና የሰዓዳ እርቅ መሐል መንገድ ላይ ቀረ።

በማግሥቱ ሐጂ ወንበሩ ላይ ብቻቸውን ነበሩ። የኔታ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ አየናቸው፤ በመንገዱ ማዶ በኩል አለፉ። አዎ፣ በማዶ በኩል። ከአንበሳሜ በወሰን ጉዳይ የመጡ ሁለት ወንድማማቾች ባዶውን የወንበሩን ግማሽ አይተው፣ እዚያው ቆመው እንደገና ተሰዳድበው ተመለሱ። እናቴ «በፊልምሽ አገር አፈረስሽ» አለችኝ። እኔ ሽማግሌ ላኪ አላልኋት! ያስታረቀ በተጣላ ጊዜ ማን ያስታርቀዋል? ሰፈሩ ሁሉ እርስ በእርሱ ተያየና ሁሉም ሥራ አለብኝ አለ።

ከሰዓት በኋላ ሰዓዳ ደጃችን መጣች። ጃንጥላ ይዛለች።

«አያቴ ምሳቸውን አልበሉም» አለች። «አንቺ ነሽ ፊልሙን ያመጣሽው።»

«አንቺ ነሽ በስተመጨረሻ አዋቂ የሆንሽው።»

«ነዪ ውጪ።»

እየተጨቃጨቅን ወጣን። ባዶ እጅ ሽማግሌ ፊት አይቆምም፤ ስለዚህ ከመንገድ ሥራው የተረፈ አንድ ኮብልስቶን አንሥተን በየተራ ተሸከምን፤ እሷ እስከ ወፍጮው፣ እኔ እስከ የኔታ ደጅ። ስትሸከሙት ነው የሚገባችሁ፤ ያ ነገር አንገት ላይ ሲቀመጥ የተጣላም ያልተጣላም ይቅርታ ይጠይቃል። የኔታን እግራቸው ላይ ወድቀን እንዲመጡ ለመንናቸው። እምቢ አሉ። ድንጋዩን አዩት። ድንጋይ ይዛ የቆመችን ልጅ መመለስ ደግሞ በእኛ አገር ነውር ነው፤ ተነሡ።

ሐጂ ሲያዩን ወደ ወንበሩ ጫፍ ተጠጉ። የኔታ በሌላው ጫፍ ተቀመጡ። ድንጋዩን መሐል ላይ አስቀመጥነው። ሁለቱም ወደ መንገዱ ያያሉ፤ በመንገዱ ላይ የሚታይ ነገር የለም።

ነገሩን ከሥሩ እንዲነግሩን ጠየቅሁ። ድምፄ ቁርጥ የኔታን ነበር፤ ሰዓዳ ጉንጯን ነከሰች።

«እኔ ስለ በረዶው ነው የተናገርሁት» አሉ የኔታ።

«እኔም ስለ እናትየዋ» አሉ ሐጂ።

«ሁለታችሁም ልክ ናችሁ» አልሁ፤ ከአፌ ሲወጣ አንገቴን ደፋሁ። እኔ! ማንም ሰው ሁለታችሁም ልክ ናችሁ እንዳይለኝ ስዋጋ የከረምሁት እኔ። ሽምግልና እንዲህ ነው ማለት ነው፤ የጨነቀው ይለዋል።

ሰዓዳ ድንጋዩን ማን እንደሚሸከም ጠየቀች። ሐጂ ድንጋዩን አዩ። የኔታ አዩ። ከዚያ የኔታ በመቋሚያቸው ጫፍ ነካ ነካ አደረጉት።

«እናቲቱን የረሳ ማነው? እኔ ነኝ? ሐጂ ናቸው? ደራሲው ነው» አሉ። «ድንጋዩን ጃፓኑ ይሸከም።»

ሐጂ መሐረባቸውን ሳይፈልጉ ሣቁ። የኔታ ድንጋዩን ወደ መሬት አወረዱና ወደ ቦታቸው ተጠጉ። ትንሽ ቆይተው ሐጂ፣ ወደ ማንም ሳያዩ፣ በረዶው ለዓይን ደኅና እንደነበር መሰከሩ።

የእኔስ ጉዳይ? ተፈረደ። ጃፓኑ እዚህ ስለማይገኝ በጽሑፍ ይገሠጽ ተባለ፤ ጽሑፌ ቅዳሜ ይነበብ። ግን የእናትየዋ ነገር ይግባ፤ የሰዓዳ የአንድ ዓይኑ ነገርም ይግባ፤ ያ ስለ ተኛ ጭንቅላት የሚናገረው ውብ ዐረፍተ ነገር ይውጣ። አንገቴን ደፍቼ ተቀበልሁ። ሰዓዳን ሳምኋት። እናቴ ከማዶ ሆና እልል ልትል ስትል አባቴ ያዛት።

አሁን እዚህ ቤታችን ጓሮ ቁጭ ብለን ጽሑፉን እያስተካከልን ነው። ሰዓዳ ጽሑፉ በእናትየዋ ይጀምር ትላለች። እኔ በሩዙ ይጀምር እላለሁ፤ ርእሱ «ይቅርታ በሩዝ» ሆኖ ሳለ ሩዙን መጨረሻ ላይ የሚያመጣ ምን ዓይነት ጸሐፊ ነው? እሷ እንዲያውም ርእሱም ይቀየር አለች። ርእሱ! ደረቅ አልኋት። እኔን ደግሞ ጃፓን አለችኝ፤ እናትን የረሳሁ መሆኔ ነው። ከዚያ ወዲያ በመሐላችን የተባለውን ወረቀት አይችለውም።

ስለዚህ እውነቱን ለእናንተ ብቻ ልንገራችሁ፤ አሁን በእርግጥ ተጣልተናል። ወደ ጋፋት መንገድ የምንሄደው ግን በአንድ ጃንጥላ ነው፤ ክንድ ለክንድ ተያይዘን፣ በወንበሯ ፊት ስናልፍ የኔታንና ሐጂን ጎንበስ ብለን ደኅና ዋሉ እያልን፣ ጥርሳችንን እያሳየን። ወፍጮ ቤቱን ስንታጠፍ እንቀጥላለን። አደራችሁን፣ እናቴ እንዳትሰማ።